ነጻ ከሆነ ታዲያ በምን ትበላለህ?

ከአሜሪካ ተመልሼ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ቢሮ ከከፈትኩ ወዲህ ይህን ያልጠየቀኝ ዘመድ የለም። እናቴማ እስካሁን አልተዋጠላትም። ሌሊቱን ሙሉ የጻፍከውን ኮድ ማንም እንዲወስደው ትለቀዋለህ፤ ሲነጋ ደግሞ የቢሮ ኪራይና ደመወዝ ትከፍላለህ። ለሰሚው እብደት ነው፤ አልፈርድባቸውም።

ሥራውን የለመድኩት ቨርጂኒያ ነው፣ ማታ ማታ ፓርኪንግ እየሠራሁ። ዎርድፕሬስ የሚባለውን በነጻ የሚገኝ የድረ ገጽ መሥሪያ ሶፍትዌር ያገኘሁት ያኔ ነው። በ2003 (በፈረንጆቹ) ማት ሙለንዌግና ማይክ ሊትል የጀመሩት ከባዶ ተነስተው ሳይሆን ባለቤቱ ችላ ያለውን ቢቱ የሚባል ሶፍትዌር ወስደው ነበር። ጂፒኤል የሚባለው ፈቃድ «ውሰዱ፣ ቀይሩ፣ ስታከፋፍሉት ግን ለሌላውም ይህንኑ መብት ስጡ» ስለሚል ማንንም ማስፈቀድ አላስፈለጋቸውም። ሙለንዌግ በ2005 አውቶማቲክ የተባለውን ድርጅት ሲያቋቁም የሸጠው አገልግሎቱን ነው፤ ኮዱ እንደተከፈተ ቀረ። እኔም በዚያው መንገድ ሲልቨር ስፕሪንግ ላሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች፣ አብያተ ክርስቲያናትና እድሮች ድረ ገጽ መሥራት ጀመርኩ።

እድሮቹም አብያተ ክርስቲያናቱም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፦ የእኛ ቀን መቁጠሪያ። አሥራ ሦስተኛ ወር የሚያውቅ ፕለጊን፣ ማለትም ዎርድፕሬስ ላይ የሚቀጠል ትንሽ ሶፍትዌር፣ ጽፌ በነጻ ለቀቅኩት። ከዚያ አንድ የማላውቀው ግብፃዊ ኮዱ ላይ የሠራውን ለውጥ ላከልኝ። የቅብጦች አቆጣጠርም እንደኛው አሥራ ሦስት ወር ነው፤ ዓመቱ ብቻ ከእኛ በ276 ያንሳል። ሰውዬው የእነሱን አቆጣጠር ጨምሮበታል፤ በዚያ ላይ ጳጉሜን ስድስት የምትሆንባቸውን ዓመታት አንድ በአንድ የሚፈትሽ ኮድ አክሎበታል። ማንም አልከፈለውም፤ ለቤተ ክርስቲያኑ አስፈልጎት ነው። ቀጥሬው ቢሆን ኖሮ እንዲህ የሚጠነቀቅ አይመስለኝም። በዓባይ እንጨቃጨቃለን እንጂ በጳጉሜን አንጣላም።

አዲስ አበባ ግን ሌላ ትምህርት ቤት ነው። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ቢሮ ያላቸው አንድ የጉዞ ወኪል አስጠሩኝ። ድረ ገጻቸው ከቢሮ ኮምፒውተር ሲከፈት ደህና ነው፤ በስልክ ከጉግል ሲገባ ግን የቁማር ገጽ ይመጣል። ደንበኞች ሲነግሯቸው «የናንተ ስልክ ነው» እያሉ ይመልሱ ነበር። ገብቼ ሳይ ከአስተዳዳሪዎቹ ዝርዝር ውስጥ ማንም የማያውቀው ስም ተቀምጧል። የሚሸጥ ፕለጊን ከማይታወቅ ቦታ በነጻ ወርዶ ተጭኗል፣ ከነተሸጎጠበት ጉዱ። ኮፒ ማድረጉን ያው ጂፒኤል አይከለክልም፤ ችግሩ መንገድ ላይ የተጨመረበት ነገር ነው።

አጽድቼ ሳበቃ የወር ጥገና ዋጋ ነገርኳቸው።

«ያኛው ልጅ እኮ በነጻ ነው የጫነልኝ!»

«ጋሼ፣ እኔም በነጻ ነው የምጭነው። የሚከፍሉት እሁድ ማታ ስልክ ለሚያነሳው ሰው ነው።»

«እንደኔው ድለላ ነው በለኛ!»

ተስማማን።

ገንዘቡ ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። በኢንተርኔት ክፍያ የሚቀበለው ስትራይፕ ኢትዮጵያ ውስጥ ለተመዘገበ ድርጅት አካውንት ስለማይከፍት የቨርጂኒያውን ድርጅት አልዘጋሁትም፤ የውጭ ደንበኛ በዚያ ይከፍላል። ለአገር ውስጡ በ2013 ቴሌብር ሲመጣ እፎይ ብለናል። ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ይወሰን ሲባል ግን 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ፤ ድረ ገጾቹ የሚቀመጡበትን ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ የምንከራየው ደግሞ በዶላር ነው። ስለዚህ ውሎቹን ሁሉ እንደገና ጻፍኩ፦ የሠራተኞቼ ጉልበት ለብቻ፣ ሰርቨሩ በየጊዜው በሚከለስ ዋጋ ለብቻ።

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዲሱን ውል አነበቡና ሰርቨሩ ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

«ዶላሩንስ በነጻ አትለቀውም?»

ጥገናውን ግን ሳይከራከሩ ለዓመት ፈረሙ።