«ቆዪ»

ዛሬም ዝናብ። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ያልደረቀ ልብስ በየወንበሩ ተሰጥቶ ቤቱ እርጥብ ካልሲ እርጥብ ካልሲ ይሸታል። ስለ ድብርቴ ልጽፍ ነበር የተነሳሁት።

ትንሹን ልጄን «ካልሲ ለይልኝ» አልኩት። መጀመሪያ በቀለም፣ ነጩን ወዲህ ጥቁሩን ወዲያ። ቀለል አድርጎ ሠራው። «አሁን ደግሞ ትልቁን ለብቻ፣ ትንሹን ለብቻ» ስለው ግን ደረቀ። የአባቱን ነጭ ካልሲ እንደያዘ እጁ ወደ ነጩ ክምር ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ሕግ ሲቀየር ሁሌ እዚህ ጋ ነው የሚይዘው። ከዚያ ከንፈሩ መንቀሳቀስ ጀመረ። «ቆዪ... ነጭ አይደለም... ትልቅ። ትልቅ።» ካልሲው ቦታውን አገኘ።

እማዬ ሰምታ አማተበች። «ብቻውን ማውራት ጀመረ ደግሞ?» ለእሷ ብቻውን የሚያወራ ሰው መድኃኒቱ ጸበል ነው።

እኔ ደግሞ ባለሙያዋ «የቋንቋ እክል» ካለችኝ ወዲህ ሌሊት ሌሊት የማነበው ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1934 ገና በ37 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ የሞተው የሶቪየት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቪጎትስኪ እንደሚለው ልጅ ከሰው የሰማውን መጀመሪያ ለራሱ ጮክ ብሎ ይላል፣ ከዚያ ያንሾካሹካል፣ በኋላ ድምፁ ወደ ውስጥ ይገባና ሐሳብ ይሆናል። እንደ ትንሹ ባሉ ልጆች ይሄ መንገድ ብዙ ጊዜ ይዘገያል። አዋቂን እንኳ አንድ ቃል ያለማቋረጥ እያስደጋገሙ ካሠሩት፣ የውስጥ ድምፁ ስለሚያዝበት ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ሲዞር ይንቀረፈፋል። እኔ ግን ስንቴ «አፍህን ዘግተህ ሥራ» ብዬዋለሁ! ምርኩዙን እየቀማሁ ሂድ እንደማለት።

«ቆዪ» ያለው ግን ከነከነኝ። ወንድና ሴት ስለሚያምታታ ያው ስህተቱ መሰለኝ፤ «ቆይ በል» ልለው ስል ነው የገባኝ። ማማሰያው በጠፋ ቁጥር «ቆዪ፣ ቆዪ፣ የት አደረግሽው?» የምለው እኔ ነኝ። ሰው ራሱን የሚያናግረው እንዲህ ነው ብሎ ከነአንቺታው ወስዶታል።

ላርመው? ወይስ ገና ያገኛትን ቃል አስደንግጬ አስጥለው ይሆን?

ደግሞ እኔ «ቆዪ» ብዬ አላቆምም። ማማሰያው እጄ ላይ ሲገኝ «አንቺ ደንባራ!» አለችበት። እሷንም ሰምቷት ይሆን? እኔስ ከማን እንደሰማኋት... እማዬን ልጠይቃት ብዬ ተውኩት።