ከተረከዝ የተወሰደች ጠብታ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ጎንደር ከምሠራበት የሕፃናት ክትትል ክፍል አንዲት ወጣት እናት የስድስት ሳምንት ልጇን በነጠላ ጠቅልላ ገባች። ይህችን እናት የማውቃት፣ በኢትዮጵያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት እ.ኤ.አ. 2005 ብዙም ሳይቆይ፣ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አያቷ አዝለዋት ሲመጡ ነው። ያኔ ለሕፃናት የሚሆን መድኃኒት እንደ ልብ ስለማይገኝ ለአዋቂ የተሠራውን ክኒን በምላጭ እየከፈልን እንሰጥ ነበር፤ ዛሬ ግን በትንሽ ውኃ የሚሟማ የዶሉቴግራቪር ክኒን አለ።

የጨቅላውን ተረከዝ አሙቄ ወጋሁና ደሙን በኤችአይቪ መመርመሪያው ወረቀት ላይ ባሉት ክቦች አንጠባጠብኩ። የእናት ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚሠራው ፀረ እንግዳ አካል በልጁ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ሊቆይና ያልተያዘውን ልጅ የተያዘ ሊያስመስል ስለሚችል፣ በዚህ ዕድሜ የሚፈለገው ራሱ ቫይረሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው የደቡብ አፍሪካ ጥናት፣ ቫይረሱ ያለባቸው ጨቅላዎች የሕመም ምልክት ሳይጠበቅ ሕክምና ሲጀምሩ ሞታቸው በ76 በመቶ እንደሚቀንስ ካሳየ ወዲህ፣ አንዲት ሳምንት መዘግየት እንኳ ያስጨንቀኛል።

እናትየው መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ስለምትወስድ ተስፋዬ ትልቅ ነው፤ ሆኖም ጡት መጥባቱ እስኪያበቃ ምርመራው ይቀጥላል። አያቷ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነበር። እጄን ይዘው፣ «ልጄ፣ ደግሞ ሌላ አመጣንልህ» አሉኝ። ወረቀቱ ከጠረጴዛዬ ላይ ገና እየደረቀ ነው።