ፊልሙን ነው የምንወቅሰው ወይስ ቴሌቪዥናችንን?

«ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም።» «ሙዚቃው ይጮኻል እንጂ የሚያወሩት አይሰማም።» «ትልቅ ፊልም ተብሎ የሰፈር ድራማ ይመስላል።» ፒያሳ፣ አራት ኪሎ ወይም ብሔራዊ አካባቢ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ጆሮ ብትሰጡ፣ ሰው ሰሞኑን ስላየው ፊልም ሲያወራ ከእነዚህ ከሦስቱ አንዱ መምጣቱ አይቀርም። ሰውየው አልዋሸም፣ ያየውን ነው የሚናገረው። ግን ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳይለይ ዳይሬክተሩ ላይ ይለጥፈዋል። አንዱ ሲኒማ ቤት ገብቶ፣ ሌላው ከቴሌግራም አውርዶ በስልኩ፣ ሦስተኛው ሳሎኑ ውስጥ በትልቅ ስክሪን ያዩት ፊልም ስሙ አንድ ነው እንጂ የደረሳቸው ነገር አንድ አይደለም። አስተያየት ከመስጠት በፊት ይህን ማጣራት ብዙ ጊዜ አይፈጅም።

ከመጨረሻው ቅሬታ እንነሳ። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ነው። ዛሬ የሚሸጠው ቴሌቪዥን ግን ስክሪኑን በሰከንድ 50 ወይም 60 ጊዜ፣ አንዳንዱም 120 ጊዜ ያድሳል። ውስጡ ያለው የእንቅስቃሴ ማለስለሻ ደግሞ በሁለት ምስሎች መካከል ማንም ያልቀረጸውን ምስል እየፈጠረ ይሞላል። በዚህ ምክንያት ነው ውድ ፊልም ስቱዲዮ ውስጥ በቪዲዮ የተቀረጸ የሚመስለው። ተዋናዩ ሲሮጥ በእጁ ዙሪያ ውሃ የሚመስል ነገር ሲንቀሳቀስ ካያችሁ ማለስለሻው በርቷል ማለት ነው። ሳምሰንግ ላይ «ኦቶ ሞሽን ፕላስ» ወይም «ፒክቸር ክላሪቲ»፣ ኤልጂ ላይ «ትሩሞሽን»፣ ሶኒ ላይ «ሞሽንፍሎው» ይባላል። ፒክቸር ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ አጥፉት፤ ለኳስ ከወደዳችሁት ለኳስ ጊዜ መልሳችሁ አብሩት። «ፊልምሜከር ሞድ» ያለው ቴሌቪዥን ከሆነ እሱን መምረጥ ብቻ ይበቃል፣ ከሌለው «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» የሚለው ይሻላል። «ቪቪድ» እና «ዳይናሚክ» ሱቅ ውስጥ ከጎን ካለው ቴሌቪዥን ደምቀው እንዲታዩ የሚጠቅሙ ናቸው፣ ቤት ውስጥ የሰውን መልክ ያበላሻሉ።

የመቀመጫው ርቀትም ይታሰብበት፦ ለባለ 43 ኢንች 1 ሜትር ከ75፣ ለባለ 55 ኢንች 2 ሜትር ከ20 ገደማ። ሶፋው ግድግዳ ተለጥፎ 4 ሜትር ላይ ከሆነ ተዋናዩ በዓይኑ ብቻ የሠራው ነገር አይደርሳችሁም፤ ከዚያ «ፊቱ ደረቅ ነው» ይባላል።

ወደ ጨለማው እንሂድ። የ2 ሰዓት ፊልም በ700 ሜጋባይት ፋይል ሲታሸግ በሰከንድ የሚደርሰው 0.8 ሜጋቢት እንኳ አይሞላም። ብሉሬይ ዲስክ ላይ ለምስሉ ብቻ እስከ 40 ሜጋቢት ይፈቀዳል። ፋይሉን የሚያሳንሰው መጭመቂያ ቦታ ለመቆጠብ መጀመሪያ የሚሠዋው ጥቁሩን ክፍል ነው፣ ምክንያቱም ዓይን እዚያ ዝርዝር አይፈልግም ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ማታ የተቀረጸ ትዕይንት ላይ ጥላው ካሬ ካሬ እየሆነ ከተንቀሳቀሰ፣ ወይም ሰማዩ ላይ እንደ ደረጃ የተደራረበ መስመር ካለ፣ የመብራት ባለሙያውን አትንኩት። ሆን ተብሎ የጨለመ ትዕይንት ጥቁሩ ለስላሳ ነው፤ የፊት ጠርዝ ወይም የዓይን ብልጭታ ይተርፋል፣ ዓይናችሁ የት ማረፍ እንዳለበት ያውቃል። ሌላው የጨለማ ምክንያት ኤችዲአር ነው፣ ማለትም በደማቁና በጥቁሩ መካከል ያለውን ልዩነት አስፍቶ የሚያሳይ የምስል ዓይነት። ኤችዲአር ፋይል በቂ ብርሃን በሌለው ርካሽ ቴሌቪዥን ላይ ሲከፈት ይጨልማል፣ ጭራሽ በማይቀበለው ስክሪን ላይ ደግሞ አመድማ ሆኖ ይደበዝዛል። የዚያው ፊልም ተራ ቅጂ ካለ እሱን ማየት ይሻላል።

ድምፁ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሲኒማ ድምፅ ብዙውን ጊዜ 5.1 ነው፣ አምስት ዋና ቻናልና አንድ የወፍራም ድምፅ ቻናል ማለት ነው፤ ከስድስቱ ቻናሎች ንግግሩን የሚይዘው በዋናነት የመሃለኛው ነው። ቴሌቪዥናችን ያለው ሁለት ትንሽ ስፒከር ነው፣ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ ወደታች ወይም ወደ ግድግዳው የዞሩ። ስድስቱ ሁለት ውስጥ ሲታጨቁ ሙዚቃውና ፍንዳታው ንግግሩን ይውጡታል። ማጫወቻው ስቴሪዮ (ባለ ሁለት ቻናል) ትራክ ካለው እሱን ምረጡ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የድምፅ መውጫውን «ፒሲኤም» አድርጉት፣ «ክሊር ቮይስ» ካለ አብሩት። የመጨረሻው ፈተና ኢርፎን ነው፦ ያንኑ ትዕይንት በኢርፎን ስሙት። አሁንም ንግግሩ ካልተሰማ ፊልሙን ለመውቀስ ሙሉ መብት አላችሁ።

(ስለ ርዝመትም አንድ ነገር። ያው ፊልም አንዱ ጋ 100 ደቂቃ፣ ሌላው ጋ 96 ደቂቃ ሆኖ «ተቆርጧል» የሚባልበት ጊዜ አለ። እንደኛ ሀገር በሰከንድ 25 ምስል በሚያስተላልፍ ቴሌቪዥን፣ 24ቱ ወደ 25 ሲፈጥን 4 በመቶ ያጥራል። ያልታረመ ከሆነ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። አንድም ትዕይንት አልጠፋም።)

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ የቀረው ጉድለት የፊልሙ ነው። የአማርኛ ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች ላይ አብዝቶ የሚታየው የድምፅ ችግር የሚመጣው ከቤቱ ነው። ሀብታም ቤተሰብ ለማሳየት ቪላ ይከራያሉ፦ ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ከላይ እስከ ታች መስታወት፣ ኮርኒሱ ከፍ ያለ። ድምፅ እዚያ ውስጥ እንደ ኳስ ይነጥራል። በኋላ ኤዲቲንግ ላይ ጫጫታን መቀነስ ይቻላል፣ የግድግዳን ማስተጋባት ከንግግሩ መለየት ግን በጣም ከባድ ነው። መፍትሔው ከካሜራው እይታ ውጪ ምንጣፍና ወፍራም ብርድ ልብስ መዘርጋት፣ ማይኩን ከተዋናዩ አፍ ከ50 ሳንቲ ሜትር ብዙ አለማራቅ ነው። በልብስ ውስጥ የሚደበቀው ትንሽ ማይክም የራሱ ጣጣ አለው፤ ነጠላ ወይም ጋቢ በላዩ ላይ ሲንቀሳቀስ የሚያሰማው ሹክሹክታ ከንግግሩ ጋር ይቀረጻል። አንዲት ተዋናይት ነጠላዋን ባስተካከለች ቁጥር ድምፁ ሲንኮሻኮሽ ከሰማችሁ ምንጩ እሱ ነው።

ግድግዳው ላይ የሚርገበገብ መብራትም ምክንያቱ ይታወቃል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይደክማል። የካሜራው ሻተር (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ ላይ ካልሆነ፣ ለምሳሌ 1/60 ላይ ከተተወ፣ በተለይ በሸምበቆ አምፖል ስር ምስሉ ይርገበገባል። ይህ ሴቲንጉን ከቀረጻ በፊት በማየት የሚድን ነገር ስለሆነ ተመልካች ቢቆጣ አልፈርድበትም።

የቡና ትዕይንት ለመመዘን የሚመች ነገር ነው፣ በየድራማው አለና። እናትና ልጅ ረከቦት ፊት ተቀምጠው ምስጢር ይወጣል እንበል። ይህ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይቀረጻል፦ አንዴ ሁለቱም ከሩቅ፣ አንዴ ከልጅቱ ትከሻ በላይ እናቲቱ፣ አንዴ ከእናቲቱ ትከሻ በላይ ልጅቱ። ሁለት ደቂቃ የሚሆነው ትዕይንት ግማሽ ቀን ሊወስድ ይችላል። ዕጣኑን ተመልከቱ። በሩቁ ሾት ጭሱ ቤቱን ሞልቶ፣ ወደ እናቲቱ ፊት ሲገባ ጨርሶ የለም፣ ልጅቱ ጋ ሲመለስ እንደገና ይጎመራል። ስኒው ተጠጥቶ ግማሽ ከሆነ በኋላ ይሞላል። ጀበናው ከማቶቱ ወደ ከሰሉ ማንም ሳይነካው ይሄዳል። ይህ የኮንቲኒዩቲ ስህተት ነው፣ የሚጠብቀው ሰው ፎቶ እያነሳ መዝግቦ መያዝ ነበረበት። ግን ከመፍረዳችሁ በፊት እናቲቱን እዩዋት። ጭሱ የጎደለበት ሾት ላይ ትወናዋ ልብ የሚነካ ከሆነ ኤዲተሩ እያወቀ መርጦታል፣ በእኔ ግምት ልክ ነው። ስኒ የሚቆጥር ተመልካች ትዕይንቱ ስላልያዘው ነው ስኒ የቆጠረው። ትወናውን ለመመዘን ደግሞ የሚናገረውን ተዉትና የሚያዳምጠውን ተመልከቱ። የቴአትር መድረክ የለመደ ተዋናይ ድምፁን እስከ መጨረሻው ረድፍ ሊያደርስ ይችላል፣ ካሜራው ግን አንድ ሜትር ላይ ነው ያለው። ዝም ብሎ መስማት የሚችለው ነው የካሜራ ተዋናይ።

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚገባው ግን ቋንቋው ነው፣ በተለይ ወደ አማርኛ የተመለሰ ድራማ ላይ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የቱርክ ድራማ በአማርኛ ማየት የብዙ ቤት ልማድ ሆኗል። «አፉና ድምፁ አይገጥምም» የሚለው ወቀሳ በጥቅሉ ሲባል ብዙ አይናገርም፤ የት ላይ እንዳልገጠመ ማየት ነው። ከንፈር የሚዘጋባቸው ፊደላት በ፣ መ፣ ፐ፣ ጰ ናቸው። በቅርብ ሾት ላይ ተዋናዩ ከንፈሩን ሲገጥም የአማርኛው ቃል ከእነዚህ አንዱ ከሌለው ዓይን ወዲያው ይይዘዋል፤ በሩቅ ወይም በጎን ሾት ማንም አያውቅም። ጎበዝ ተርጓሚ ድካሙን ለቅርብ ሾቱ ያስቀምጣል። ቱርክኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ መሆኑ በጣም ይረዳል፦ ተዋናዩ ትንፋሹን ይዞ ቆይቶ «ገደለው» የሚለውን የሚለቅበት ቦታ በሁለቱም አንድ ነው። ከእንግሊዝኛ ሲመለስ ግን ግሱ ቀድሞ ስለሚመጣ ፊቱ የደነገጠበትና ቃሉ የሚያስደነግጥበት ጊዜ ይራራቃል።

ቱርክኛ የሚያስቸግርበትም አለ። «እሱ» እና «እሷ» የሚባል ልዩነት የለውም፣ ሁለቱም «ኦ» ነው። አንዱ በስልክ ስለማይታወቅ ሰው ሲያወራ ቱርኩ ተመልካች ወንድ ይሁን ሴት አያውቅም፣ አማርኛው ግን «ይመጣል» ወይም «ትመጣለች» ማለት ግድ ነው። ምስጢሩ እዚያው ሊፈስ ይችላል። መውጫው «ያ ሰው» እያሉ መዞር ወይም «ይመጣሉ» ብሎ በአክብሮት መሸሸግ ነው፤ ይህን ያደረገ ተርጓሚ ካያችሁ በስሙ አመስግኑት። የአክብሮቱ ነገርም አለ። ቱርክኛ «ሲዝ» እና «ሴን» አለው፣ ስለዚህ ሁለት ሰዎች ከ«እርስዎ» ወደ «አንተ» የተሻገሩበት ቅጽበት ከምንጩ ሊገለበጥ ይችላል። እንግሊዝኛ ላይ ያ መስመር ስለሌለ ተርጓሚው ራሱ መወሰን አለበት፤ አለቃዋን «አንተ» የምትለው ከየትኛው ክፍል ጀምሮ ነው? አንድ ትዕይንት ላይ «እርስዎ»፣ በሚቀጥለው «አንተ»፣ ከዚያ እንደገና «እርስዎ» ከሆነ ክፍሎቹን ያስተረጎሙት ሰዎች አልተነጋገሩም። አማቷን «አንቺ» የምትል ሙሽራ በአማርኛ ከተጻፈ ድራማ ውስጥ ከተገኘች ደግሞ ወይ ጠብ ሊነሳ ነው ወይ ደራሲው ቸኩሏል።

ሰው ሲናገር የመንገዱ ድምፅ ድንገት የሚሞትበት ቦታም አለ። ይህ የሚሆነው ሙዚቃውና የአካባቢው ድምፅ ከንግግሩ ተለይቶ ያልቀረበ ሲሆን ነው፤ ኦሪጅናሉ ንግግር ሲወጣ አብሮት መኪናውም ወፉም ይወጣል።

«ይጎተታል» ለሚለው ቅሬታ ድራማው ለምን ዓይነት ስርጭት እንደተሠራ ማወቅ ይበጃል። የቱርክ ድራማ በሀገሩ አንዱ ክፍል 2 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሄዳል፤ ወደ ውጭ ሲሸጥ ወደ 45 ደቂቃ ገደማ ይቆራረጣል። ክፍሉ ማንም ምንም ሳይል በሩ ተዘግቶ ካለቀ ደራሲው እዚያ ላይ እንዲያልቅ አላሰበም። የእኛ ሳምንታዊ ድራማ ደግሞ ሰባት ቀን ቆይቶ ለሚመለስና አንድ ክፍል ላመለጠው ሰው ስለሚጻፍ፣ ያየነውን ነገር አንዱ ለሌላው በስልክ ይነግረዋል። በዩቲዩብ ስድስቱን ክፍል በአንድ ማታ ላየ ሰው ያው ነገር ያሰለቻል። ቢሆንም ገደብ አለው። ትዕይንቱን በሐሳባችሁ አውጡት፤ ቀጣዩ ነገር ምንም ካልተለወጠ መሙያ ነው። የስልክ ትዕይንት በዚህ ይታወቃል፦ አንድ ተዋናይ፣ አንድ ቤት፣ ትንሽ ወጪ። በአንድ ክፍል ውስጥ አምስት ስልክ ከተደወለና አንዱም አዲስ ነገር ካላመጣ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ ተናገሩ።

ሲወራ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው «የት ደረስሽ?» ነው። ለተከታታይ ድራማ የክፍሉ ቁጥር፣ ለፊልም ያየው ወይም ያላየው መሆኑ። ላላየ ሰው የመጀመሪያውን አንድ ሦስተኛ መናገር ይቻላል፣ ከዚያ ያለፈው የእሱ ነው። ያየበትን መንገድም አብሮ መጠየቅ ጥሩ ነው። «ክፍል 9 ደርሻለሁ፣ በስልክ በኢርፎን ነው ያየሁት፣ ድምፁ ቪላው ውስጥ ያስተጋባል፣ እናቲቱ ግን ስታዳምጥ ታስፈራለች» ያለ ሰው ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ብዙ ነግሯችኋል።