ከ1/4 እና ከ1/8 የቱ ይበልጣል?

ዛሬ አራተኛ ክፍል ገብቼ ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር። ሰሌዳው ላይ 1/4 እና 1/8 ጻፍኩና "የቱ ይበልጣል?" አልኳቸው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "1/8!" አለ። አልፈረድኩባቸውም። 8 ከ4 ይበልጣል ብለን ስናስተምራቸው የኖርነው እኛው ነን።

ጠመኔውን አስቀመጥኩና ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ወረቀት ሰጠኋቸው። ሁለት ጊዜ አጠፉት። ሲከፍቱት 4 እኩል ቦታ። አንዴ ጨምረው አጠፉት፣ 8 ሆነ።

ከኋላ የምትቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ አለች። ጣቷን በእጥፋቱ መስመር ላይ እየጎተተች ስትቆጥር አየኋት። ከዚያ ቀና አለችና "ቲቸር፣ ብዙ ቦታ ሲከፈል እኮ ድርሻው ያንሳል!" አለች። "ታህት" የሚለውን ቃል፣ ማለትም የክፍልፋዩን የታችኛውን ቁጥር ስም፣ ገና አልነገርኳቸውም ነበር። ትርጉሙን ግን ቀድማ አገኘችው።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ! ደንቡን መጀመሪያ አሸምድደን ትርጉሙን ለኋላ ማቆየታችን ሁሌም ያንገበግበኛል። ወረቀቱ የወሰደብን እኮ 10 ደቂቃ ብቻ ነው።

ደወሉ ሲደወል ወረቀቷን በጥንቃቄ አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። ነገ 2/8 ከ1/4 ጋር እኩል መሆኑን በዚያው ወረቀት እናያለን።