ዓመታት የቆመ የጭነት መኪና ሞተር፦ ሞተሪኖውን ከመንካታችሁ በፊት

ግቢ ውስጥ ብዙ ክረምት ያለፈበት መኪና ሲገኝ የሁሉም ሰው ጥድፊያ ባትሪ አምጥቶ ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) መሞከር ነው። ብዙ ሞተር የሚበላሸው ታዲያ ያኔ ነው። ዝገቱ በዓመታት ካደረሰበት ይልቅ በጉልበት የዞረባት የመጀመሪያዋ ደቂቃ ትብስበታለች፤ የተጣበቀ ሪንግ (የፒስተን ቀለበት) ይሰበራል፣ ደርቆ የቀረ ቫልቮላ መግፊያ ዘንጉን ያጎብጣል፣ ውኃ የያዘ ሲሊንደር ቢዬላ (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ የሚያገናኘውን ክንድ) ያጣምማል። ጎትቶ ማስነሳትማ ጭራሽ አይታሰብ።

ለምሳሌ የያዝነው በአፍንጫማው መርሴዲስ 1113 ላይ የሚገኘውን ኦኤም 352 ነው። ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠራ፣ ስድስት ሲሊንደር የተደረደረበት፣ 5.675 ሊትር፣ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 97፣ የፒስተኑ ምት 128 ሚሊ ሜትር። ኤንትሬ ፊያት ያላችሁ ቁጥሩን ከራሳችሁ መጽሐፍ ውሰዱ፤ አካሄዱ ያው ነው።

ዝገት ስድስቱን ሲሊንደር እኩል አይበላም። ሞተር በየትኛውም አቋም ቢቆም አንድ ወይም ሁለት የጭስ ቫልቮላ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ በአየር መግቢያውም በኩል እንዲሁ። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ተነቅሎ ወይም የአየር ማጣሪያው ወልቆ ከነበረ፣ የባሕር ዳር ክረምት እርጥበት በእነዚያ በኩል ሰተት ብሎ ይገባል። የተዘጉት ሲሊንደሮች እያብረቀረቁ ክፍት የቀረው ግድግዳው ተቦርቡሮ ይገኛል። ስለዚህ መጀመሪያ የቴስታታውን (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነውን የሞተር ራስ) ክዳን ከፍታችሁ የትኞቹ ቫልቮላዎች ተጭነው እንደቆሙ ጻፉ። ችግሩን የምታገኙት እዚያው ነው፤ ወጪያችሁንም ከዚያ ትገምታላችሁ።

ቀጥሎ ስድስቱንም ኢንጄክተር (ናፍጣ የሚረጨውን) አውጡ። በካርቦን ተጣብቀው ስለሚያስቸግሩ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ አሳድሯቸው፤ በየቁጥራቸው አስቀምጡ፤ ከሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ጉድጓዱ ውስጥ እንዳትቀር። በየቀዳዳው 50 ሚሊ ሊትር ያህል የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት፣ ከጠፋም ናፍጣና የሞተር ዘይት እኩል ለእኩል ቀላቅላችሁ ጨምሩና ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። ከዚያ ከፊት ባለው የክራንክ ሻፍት (የዋናው ዘንግ) ብሎን በረጅም እጀታ ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ አወዛውዙ። እምቢ ካለ እጀታ አታስረዝሙ፤ ዘይቱን ጨምራችሁ እንደገና ጠብቁ። መዞር ሲጀምር የገባው ፈሳሽ በኢንጄክተር ቀዳዳው ወደ ላይ ስለሚረጭ ፊታችሁን ከዚያ አርቁ።

ዘይቱን ስታወርዱ ታፓውን ቀስ ብላችሁ ነው የምትፈቱት። ውኃ ከዘይት ስለሚከብድ ካለ ቀድሞ ይወጣል። ብርጭቆ አቅርባችሁ ብትቀበሉት መጠኑን ታያላችሁ፤ አንድ ሁለት ጠብታ የአየሩ እርጥበት ነው፤ ግማሽ ብርጭቆ ከሞላ ግን የተበላሸ ጓርኒዚዮን (በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ያለ ማሸጊያ) ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ፈልጉ።

ሲፈታ የብሮንዚን (የክራንክ ሻፍቱ አንገት የሚዞርበት ስስ ብረት) ክዳኖችንና ቢዬላዎችን ቁጥርና አቅጣጫ ሳትመቱ አንዱንም አታንሱ። ፒስተን በላይ በኩል ከመውጣቱ በፊት ሲሊንደሩ አናት ላይ የቀረችውን ያልተበላች ጠርዝ ፋቁ፤ ካልሆነ የሪንጉ ቦይ ይሸረፋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ልኬት ነው፤ ገንዘብ የሚድነውም እዚህ ላይ ነው። ሲሊንደሩን ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ለኩ። በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ልዩነት 0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ ከደረሰ አዲስ ሪንግ ብቻ መጨመር ብር ማባከን ነው፤ ሁለት ሦስት ወር ሄዶ ዘይት መጠጣት ይጀምራል። ዝገቱ የቆፈረውን በጥፍር ዳስሱ፤ ጥፍር ከያዘ ሆኒንግ (ግድግዳውን በድንጋይ መፋቅ) አያድነውም። የክራንክ ሻፍቱ አንገት ከ0.05 በላይ ሞላላ ከሆነ ይሞረዳል፤ ብሮንዚን በ0.25፣ 0.50፣ 0.75 እና 1.00 ሚሊ ሜትር እያነሰ ይገኛል። ቅደም ተከተሉን ብዙ ሰው ያዛባዋል። ፒስተኑ ተገዝቶ እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው ሲሊንደሩ በእሱ ልክ የሚቦረቦረው። ለብሮንዚኑም ገበያ ላይ የትኛው ልክ እንዳለ ሳታጠያይቁ ክራንኩን ለቶርኖ ቤት አትስጡ፤ በ0.50 ተሞርዶ 0.75 ብቻ ቢገኝ እንደገና መሞረድ ነው።

ጣና ዳር ለሠሩ መኪኖች አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሹፌሮች ራዲያተሩን በጀሪካን ከሐይቁ ሲሞሉ የኖሩ ከሆነ ደለሉ በብሎኩ ውስጥ ተቀምጧል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚከማቸው ከኋላ፣ በአምስተኛውና ስድስተኛው ሲሊንደር ሥር ነው። ራዲያተር ማጠብ እዚያ አይደርስም። በብሎኩ ጎን ያሉትን ክብ የቆርቆሮ ታፓዎች አንኳኩታችሁ አውጡና በሽቦ ፋቁት፤ የደረቀ ጭቃ በእፍኝ ይወጣል። ይህ ሳይጠረግ የተገጠመ ሞተር ሜዳ ላይ ደህና ይመስልና ከዓባይ በረሃ ሲወጣ ስድስተኛው ፒስተን በሙቀት ይነክሳል (ይጣበቃል)። ታፓዎቹን በአዲስ ለውጡ፤ ወደፊትም ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ከዝገት መከላከያ ጋር ብትጠቀሙ ይሻላል።

ቴስታታው በግፊት ይፈተሽ፤ በሁለቱ ቫልቮላ መቀመጫዎች መካከል መሰንጠቅ የናፍጣ ሞተር የተለመደ በሽታ ነው። ቫልቮላው ከተሳለ በኋላ በቀዳዳው ናፍጣ ሙሉበትና አምስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ወደ ታች ካረጠበ ገና ነው።

የናፍጣ ፓምፑን ግን ራሳችሁ አትፍቱት። የቆየ ናፍጣ እንደ ቫርኒሽ ይደርቅና የናፍጣ መጠን የሚወስነውን ዘንግ ሙሉ ላይ እንደቆመ ይይዘዋል። ያ ሞተር በተነሳበት ቅጽበት ያለ ገደብ ይጮኻል፤ ቁልፍ ማጥፋትም አይመልሰውም። ፓምፑም ኢንጄክተሮቹም መፈተሻ ማሽን ላይ ይውጡ፤ የዚህ ሞተር ኢንጄክተር 200 ባር አካባቢ ላይ ይከፍታል።

ከሆኒንግ በኋላ ብሎኩን በናፍጣ ብቻ ማጠብ አይበቃም፤ የድንጋዩ ዱቄት በቦዩ ውስጥ ይቀራል። በሙቅ ውኃና በሳሙና በብሩሽ ፈትጉት፤ ከዚያ ዘይት በነካ ነጭ የጥጥ ጨርቅ አብሱ። ጨርቁ ግራጫ እያለ ሥራው አላለቀም። ነጭ ሆኖ ሲወጣ ወዲያው ዘይት ቀቡት፤ በሐምሌ አየር ራቁቱን ያደረ ሲሊንደር ጠዋት ቡናማ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

ሲገጠም የሪንጉን ጫፍ ክፍተት በየሲሊንደሩ ለኩ፤ ለዚህ ስፋት ከ0.35 እስከ 0.55 ሚሊ ሜትር ነው የምትጠብቁት። ሪንጉን በፒስተን አናት ወደ ውስጥ ገፍታችሁ ቀጥ ካላደረጋችሁት ልኩ ይዋሻል። የክራንኩን ክዳን አንድ በአንድ አጥብቁ፤ ከእያንዳንዱ በኋላ ክራንኩ በእጅ መዞር አለበት። ሰባቱን አጥብቆ በመጨረሻ «ለምን ከበደ?» ማለት ጥፋተኛውን ለመፈለግ ሁሉንም መፍታት ነው። የቴስታታ ብሎን ከመሐል ወደ ዳር በሦስት ዙር ይጠብቃል።

የቫልቮላ ክፍተት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ለአየር 0.20፣ ለጭስ 0.30 ሚሊ ሜትር ነው። የመተኮሻው ተራ 1-5-3-6-2-4 ስለሆነ ጥንዶቹ 1 ከ6፣ 5 ከ2፣ 3 ከ4 ናቸው፤ የስድስተኛው ሁለት ቫልቮላ አንድ ላይ ሲወዛወዙ የአንደኛውን ታስተካክላላችሁ።

ለመጀመሪያው ማስነሻ ናፍጣውን ዘግታችሁ የዘይት ግፊት እስኪያሳይ በሞተሪኖ አዙሩ። ከዚያ አየሩን በተራ አስወጡ፤ ማጣሪያ፣ ፓምፕ፣ በመጨረሻ የኢንጄክተር ቱቦ። ሞተሩ ያለ ገደብ ቢጮኽ አየር እንዲያጣ፣ አንድ ሰው የአየር መግቢያውን የሚከድን ጠፍጣፋ ጣውላ ይዞ ይቁም። በእጅ ወይም በጨርቅ ለመዝጋት አትሞክሩ፤ ይስበዋል።

ኮምፕሬሽን ስትለኩ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ መሆኗን አትርሱ። የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ያህል ነው፤ እዚያ 25 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር እዚህ 20 ቢያሳይ አዲስ ሪንግ አያስፈልገውም። በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። አየሩ ስለሳሳ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ «ዳገት አልወጣ አለ» ብሎ የፓምፑን የናፍጣ ብሎን የሚከፍት መካኒክ አይጠፋም። የሚጨመረው ናፍጣ የሚቃጠልበት አየር ስለሌለው ጥቁር ጭስና የጋለ ፒስተን ብቻ ነው ትርፉ።

ማለማመዱን በግማሽ ጭነት በፎገራ ሜዳ ወረታ ድረስ አድርጉት፤ ፍጥነቱን እየለዋወጣችሁ፣ ቆሞ ረጅም ጊዜ እንዲሠራ ሳትተዉት። ጭነት ካላገኘ ሪንጉ ሲሊንደሩን አይላመድም። 500 ኪሎ ሜትር ሲሞላ ዘይትና ማጣሪያውን ቀይሩ፣ ቫልቮላውን እንደገና ለኩ፤ የደብረ ታቦርን ዳገት በሙሉ ጭነት ከዚያ በኋላ ሞክሩት።