ልጄ «ተመስገን» ብላ ጻፈች፤ ትምህርት ቤቱ ካርቶን ሙሉ ምግብ ሰጠን

ሰሞኑን እናቴን ለመጠየቅ ጅማ መጥቻለሁ። ወቅቱ የቡና ለቀማ ነው፤ ከከተማው ትንሽ ወጣ ሲሉ በየደጁ ቀይ ቡና ተሰጥቶ ይታያል። ሐሙስ ከሂርማታ ገበያ መልስ አብሮ አደጎቼ እናቴ ቤት ተሰብስበው ቡና ተፈላ። ገና አቦሉ ሳይቀዳ ጥያቄው ተጀመረ። አንዷ ስልኳን አውጥታ ባለፈው ዓመት የለጠፍኩትን የልጄን ፎቶ አሳየችኝ። ልጄ መዳፏን ወረቀት ላይ ዘርግታ ዙሪያውን በእርሳስ አስምራ፣ አውራ ጣቷን ራስ፣ አራቱን ጣቶች ላባ አድርጋ የሳለችውን ተርኪ የሚባል ትልቅ ዶሮ ይዛ ትስቃለች። «እዚያ ድረስ ሄዳችሁ ልጆቻችሁ ዶሮ ሲስሉ ይውላሉ?» አለችኝ። ዓመት በመጣ ቁጥር ዲቪ ስትሞላ የኖረችው ሁለተኛዋ ጓደኛችን ተቀበለቻት፤ «ቁርሱም ምሳውም በነጻ ነው አሉ። ልጅ ማሳደግስ እዚያ ነበር!»

ከዚያች ዶሮ ጋር ተያይዞ የደረሰብኝን ነገር በአንድ ስኒ ቡና ልነግራቸው አልቻልኩም። ስለዚህ ለእነሱም፣ ሻንጣ ለማዘጋጀት ለምታስቡም ሁሉ በጽሑፍ ልንገራችሁ።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት ነው። እኛ አገር ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ በሚፈነዳበት ሰሞን እዚያ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ እየሆነ መርገፍ ይጀምራል። ትምህርት ቤቱ ይህን ወቅት የሚጠቀምበትን መንገድ እወደዋለሁ። መምህሯ ልጆቹን አሰልፋ ዛፍ ሥር ትወስዳቸዋለች፤ ቅጠል ይለቅማሉ፤ ቀኑ ሲያጥር ዛፉ አረንጓዴውን ቀለም መሥራት እንደሚያቆምና ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ቢጫ እንደሚወጣ ታስረዳቸዋለች። ልጄ ቤት መጥታ ይህን ስትነግረኝ የራሴ ትምህርት ቤት ትዝ አለኝ። ጅማን በሚያህል አረንጓዴ ከተማ አድጌ አንድም መምህር ከክፍል አውጥቶ ዛፍ አሳይቶኝ አያውቅም። የቡናን ተክል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተስሎ ነው የተማርነው፤ ቡናው ራሱ ግን ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ነበር።

በጥቅምት የዱባ እርሻ ጉብኝት አለ። ወላጅ ይፈርማል፣ ይከፍላል፤ ልጁ በአውቶቡስ ሄዶ አንድ ዱባ ታቅፎ ይመለሳል። ከዚያ ዱባው ዓይንና ጥርስ ተቀርጾለት፣ ውስጡ ሻማ በርቶለት በር ላይ ይቀመጣል። ሲበሰብስ ይጣላል። ይህን እስካሁን መቀበል አልቻልኩም። ዱባ ወጥ በልቶ ያደገ ሰው በየደጁ የሚበሰብስ ዱባ እያየ ሲያልፍ ያመዋል። የልጄን ዱባ ወጥ ሠራሁት፤ እሷም አኮረፈችኝ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ስለሚውለው ሃሎዊን ደግሞ ጅማ ያለ ሰው ሁሉ «ሰይጣን ነው የሚያከብሩት?» እያለ ይጠይቀኛል። ልጆች የመሰላቸውን ለብሰው በየቤቱ ከረሜላ የሚሰበስቡበት ቀን ነው። ልጄ ነጭ ጋዋን ለብሳ ሐኪም ሆና ሄደች፣ ከረሜላዋን ይዛ ተመለሰች፣ አለቀ።

ከባዱ ወር ኅዳር ነው። በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች። ልጅ ከትምህርት ቤት ሲገባ ሊጨልም ነው፤ እናት ደግሞ ለማታ ፈረቃ የምትወጣው በዚያው ሰዓት ነው። እኔ የምሠራው በአረጋውያን መንከባከቢያ ስለሆነ ብዙ ቀን ከልጄ ጋር በር ላይ ተሳስመን እንለያያለን።

በትምህርት ቤት ግን ይህ የምስጋና ወር ነው። የኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ የምስጋና ቀን ተብሎ ይከበራል፤ ልጄ የሳለችው ተርኪም የዚያ ቀን ምግብ ነው። ልጆቹ ታሪኩን ይማራሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1621 ከእንግሊዝ የመጡ ሰፋሪዎች ፕሊመዝ በሚባል ቦታ የመጀመሪያ ምርታቸውን ሰብስበው ከአገሬው የዋምፓኖአግ ሰዎች ጋር አብረው በሉ። ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በ1863፣ አገሩ እርስ በርሱ እየተዋጋ ሳለ፣ የመላው አገር የምስጋና ቀን እንዲሆን አወጁ፤ አራተኛው ሐሙስ በሕግ የጸናው ደግሞ በ1941 ነው። ከ1970 ጀምሮ ግን የአገሬው ተወላጆች በዚያው ቀን ፕሊመዝ ላይ ለሐዘን ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ማዕድ በኋላ የተከተለው መሬታቸውን ማጣት ነውና። የልጄ መምህር ይህንንም ሳትደብቅ ነግራቸዋለች። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ስታነቡ ክፉ ሴት አድርጋችሁ እንዳትይዟት አደራ።

ምስጋናን እኛ ከእነሱ የምንማር ሰዎች አይደለንም። ክረምቱ ሲያልፍ የኦሮሞ ሕዝብ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ ውኃ ዳር ይወርዳል፤ ኢሬቻ ምስጋና ነው። ጅማ ውስጥ በአንድ ግቢ ሙስሊሟ ጎረቤታችን ከማዕድ ስትነሣ «አልሐምዱሊላህ» ትላለች፣ እናቴ «ዛሬም ላበላን ተመስገን» ትላለች። በጠገበችበትም ቀን፣ ሽሮ ብቻ በበላችበትም ቀን ይህን ሳትል እጇን አትታጠብም። እኛም ሚኒሶታ ሆነን በየማዕዱ ይህንኑ እንላለን። ልጄ አፏን የፈታችው በዚህ ነው።

በዚያ ኅዳር መምህሯ ለእያንዳንዱ ልጅ በቅጠል ቅርጽ የተቆረጠ ብርቱካናማ ወረቀት ሰጥታ «የምታመሰግኑበትን ነገር ጻፉ» አለቻቸው። ቅጠሎቹ ኮሪደሩ ግድግዳ ላይ በቡናማ ወረቀት በተሠራ ትልቅ ዛፍ ላይ ተለጠፉ። አንዱ ልጅ ውሻውን ጽፏል፣ ሌላዋ አያቷን፣ ሌላው አዲሱን ብስክሌቱን። የእኔ ልጅ በትልልቅ ፊደል «ዛሬም ስለበላን አመሰግናለሁ። እናቴም ስለበላች» ብላ ጽፋለች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሳነበው ኩራት ተሰማኝ። አያቷ ከዚያ ሁሉ ርቀት ያስተማረቻትን በባዕድ አገር ግድግዳ ላይ ለጠፈችው ብዬ ፎቶ አንሥቼ ጅማ ላክሁ።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤቱ ለተቸገሩ ቤተሰቦች የታሸገ ምግብ ያሰባስብ ነበር። ልጄን ባዶ እጇን አልሰደድኳትም። ከአገራችን ሰው ሱቅ የገዛሁትን አንድ ከረጢት ምስር ክክና የቲማቲም ጣሳ በፌስታል አድርጌ አስያዝኳት። ምስሩ ላይ ባለሱቁ ዋጋውን በእጁ የጻፈባት ቢጫ ወረቀት ተለጥፋለች።

ቀጥሎ የወላጅና የመምህር ውይይት ቀን መጣ። ፈረቃዬን ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬ ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል፤ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ፈጥኖ ሲያወራ ግን ያመልጠኛል። አስተርጓሚ እንዳለ የነገረኝ ስላልነበረ ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ታስተረጉማለች። ንባቧ ጥሩ ነው፣ ሒሳቧ ጥሩ ነው፣ ለጓደኞቿ አሳቢ ናት ተባለ። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል መምህሯ በሩን ዘጋችው። ከዚያ ድምጿን ቀንሳ ረጅም ነገር ተናገረች። ልጄ ዝም አለች። «ምን አለች?» አልኳት። ልጄ መምህሯንና እኔን ተራ በተራ አየችና «እማዬ፣ ቤታችን ምግብ የሌለ መስሏታል» አለችኝ።

መምህሯ ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን ጎትታ አወጣች። የታሸገ በቆሎ አለ፣ ፎሶሊያ አለ፣ ክራንቤሪ የሚባለው ቀይ ፍሬ ማርማላታ አለ፣ በቆርቆሮ የታሸገ ዱባም አለ። ተርኪው ከምግብ አዳራሹ ማቀዝቀዣ ይመጣል ተባልኩ። ልጄ አንገቷን አስግጋ ካርቶኑ ውስጥ እያየች «እማዬ፣ ምስራችን!» ብላ ጮኸች። ቢጫዋ የዋጋ ወረቀት ከእነጽሑፏ እዚያው ነበረች። ያንኑ ለመምህሯ በእንግሊዝኛ ደገመችላት። መምህሯ ፊቷ ቀላ።

«እኛ አልተራብንም» አልኳት በራሴ አፍ። «አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይውሰዱት» አለችኝ። ያቺ «አውቃለሁ» እስከ ዛሬ ታቃጥለኛለች፤ ዓይኗ አላመነኝምና። እኔ በየወሩ ጅማ ገንዘብ የምልክ፣ የእህቴን ልጆች የማስተምር ሴት ነኝ። ያደግሁበት ቤት ምሳ ሲበላ በሩ ተዘግቶ አያውቅም፤ መንገደኛም ሆነ ቆሎ ተማሪ ሳይቀምስ አላለፈም። የተዘረጋ እጅ መመለስ ነውር ስለሆነብኝ ብቻ ካርቶኑን ተሸክሜ፣ ተራቸውን በሚጠብቁ ወላጆች ፊት፣ በዚያው የምስጋና ዛፍ በተለጠፈበት ኮሪደር አልፌ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ ልጄ «መጥፎ ነገር ነው የጻፍኩት?» ብላ ጠየቀችኝ። ከሁሉ የጎዳኝ ይህ ነው። ልጅ በምስጋናዋ እንድታፍር ተደረገች።

በዓሉ በዚያ ዓመት ኅዳር 19 ዋለ፤ የነቢያት ጾም ከገባ አምስተኛው ቀን መሆኑ ነው። ተርኪው እስከ ገና በማቀዝቀዣ ከርሞ በበርበሬና በንጥር ቅቤ ተሠራ። ሥጋው ደረቅ ነው፤ የእኛን ዶሮ አያህልም።

ንዴቴ ሲበርድ ግን ሌላ ነገር ማሰብ ጀመርኩ። ጅማ ስንማር ጠዋት ሰልፍ ላይ ተዝለፍልፎ የሚወድቅ ልጅ ክፍላችን ውስጥ ነበር። ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ መምህራኑም ያውቃሉ። ውኃ ፊቱ ላይ ይረጩበትና ወደ ክፍል ይገባል። በኋላ ትምህርቱን አቋርጦ ጫማ ሲጠርግ አየሁት። ጎረቤት የጎረቤቱን ድስት ያውቃል እያልን እንኮራለን፤ ያንን ልጅ ግን ማወቃችን አላበላውም። የእዚያ አገር መምህር የሃያ ምናምን ልጆችን ወረቀት አንድ በአንድ አንብባ «ይህች ልጅ ተርባ ይሆን?» ብላ ተጨነቀች። ጭንቀቷን አከብራለሁ። የምወቅሳት እኔን ሳትጠይቅ ካርቶን በማዘጋጀቷ ነው። እኛ ሰውየውን እናውቃለን፣ ዝም እንላለን፤ እነሱ ሰውየውን ሳያውቁ ወረቀቱን አንብበው ይሮጣሉ።

ነጻ ምሳን ላነሣችው ጓደኛዬ እውነቱን ልንገራት። ሚኒሶታ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2023 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ቁርስና ምሳ ለሁሉም ተማሪ በነጻ ነው። የሐኪሙም የጽዳት ሠራተኛውም ልጅ አንድ ሰልፍ ይዞ ይበላል፤ ማን እንደተቸገረ ማንም አያይም። እርዳታ እንዲህ ሲሆን ደስ ይላል። በብዙ ሌሎች ግዛቶች ግን የቤተሰብ ገቢ የሚጠይቅ ፎርም መሙላት ግድ ነው፤ የሚሄዱበትን ግዛት ሳያውቁ «ሁሉም ነጻ ነው» ብሎ መነሣት አይገባም።

እኔ ዝም አላልኩም። ሰው ፈልጌ ጥሩ እንግሊዝኛ አስጽፌ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አስገባሁ፤ መጀመሪያ ቤተሰቡን ጠይቁ፣ የልጅን ወረቀት ማስረጃ አታድርጉ አልኩ። በዚህ ዓመት ለሁሉም ቤተሰብ እኩል ፎርም ተላከ፤ የበዓል ምግብ የሚፈልግ ምልክት አድርጎ በታሸገ ፖስታ ይመልሳል። መምህሯም ደውላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ለእርቁ ድፎ ዳቦ ጋግሬ ይዤ ብሄድ ቢሮው በር ላይ መለሱኝ፤ በቤት የተጋገረ ነገር ለአለርጂ ሲባል ክፍል አይገባም። እህል መመለስ ከእኛ ዘንድ ጠብ ነው! በሌላ ቀን ግን ከጅማ የተላከልኝን ጥሬ ቡና በወንፊት ይዤ ክፍል ገባሁ። አንዱ ልጅ ፍሬውን በጣቱ እያገላበጠ «ቡና አረንጓዴ ነው?» ብሎ ደነገጠ። ስለ ለቀማው፣ ስለ ማድረቁ፣ ጎረቤት ተጠርቶ አብሮ ስለመጠጣቱ ነገርኳቸው፤ ልጄ ከፊት ወንበር ቀና ብላ ተቀምጣ ሰማችኝ።

ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ የሚመጣ ወረቀት ሁሉ ይነበብ፤ ያልተፈረመ ወረቀት ልጃችሁን ከጉብኝት ያስቀራታል። ለወላጅ ስብሰባ ሥራ ቦታችሁን ቀደም ብላችሁ አሳውቁ። ሚኒሶታ ውስጥ ሕጉ ለልጅ ትምህርት ቤት ጉዳይ በዓመት እስከ 16 ሰዓት ፈቃድ ይሰጣል፤ አሠሪው እንዲከፍላችሁ ግን አይገደድም። ይህን ማንም አይነግራችሁም። ቀጠሮ ሲሰጣችሁ ደግሞ ወዲያውኑ የአማርኛ ወይም የአፋን ኦሮሞ አስተርጓሚ ጠይቁ። ክፍያ የለውም፤ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ወላጅን በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት። እንግሊዝኛችሁ ደህና ቢሆንም ጠይቁ። በሩ ተዘግቶ ድምፅ ዝቅ ሲል የሚነገረውን ነገር ከልጃችሁ አፍ አትስሙት።