የፓርክ ሕግ አስከባሪ ለመሆን የተዘጋጀሁበት መንገድ

በአገራችን አካባቢን የሚጎዳ ሰውን ተከታትሎ ለሕግ የማቅረብ ሥራ በአንድ ተቋም እጅ ብቻ ያለ አይደለም። ፋብሪካ ወደ ወንዝ የለቀቀውን ፍሳሽ የሚመረምረው በአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ሥልጣን የተሰጠው ተቆጣጣሪ ነው፤ በአዲስ አበባ ቆሻሻ በመንገድ ላይ የጣለውን የሚቀጣው ደንብ አስከባሪ ነው፤ በብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ዛፍ የሚቆርጠውን፣ ወጥመድ የሚያጠምደውንና ከብት የሚያሰማራውን የሚከታተሉት ደግሞ ስካውት የምንላቸው ጠባቂዎችና ከእነርሱ ጋር የሚሠሩ የሕግ ማስከበር ባለሙያዎች ናቸው። እኔ የመረጥኩት የመጨረሻውን ነው፤ ያሰብኩትም የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ነበር።

ይህን ሥራ የሚመኙ ወጣቶች ሲያነጋግሩኝ አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ሩጫና ስለ ጠመንጃ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ነገር ግን ከዝግጅቴ ውስጥ ትንሹን ጊዜ የወሰዱት እነርሱ ናቸው። የመሣሪያ አያያዝን የሚያስተምረው ቀጣሪው ስለሆነ ከቅጥር በፊት ማንም በራሱ ሊለማመደው አይገባም። ሩጫውም ቢሆን በጎንደር አስፋልት ላይ የሚሮጥ ሰው ደጋው ላይ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በፓርኩ ውስጥ ያሉት ካምፖች ሳንቃ በር ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ፣ የቧሂት ጫፍ ደግሞ ከ4,400 ሜትር በላይ ነውና። ስለዚህ መሮጡን ትቼ ሸክም ይዤ የሊማሊሞን ዳገት በዝግታ፣ ሳልቀመጥ መውጣትን ተለማመድኩ። በቅኝት ላይ ዋጋ የሚሰጠው ፈጥኖ የደረሰ ሳይሆን ደርሶ እጁ ሳይንቀጠቀጥ መጻፍና ፎቶ ማንሳት የሚችል ሰው ነው።

ዋናው ዝግጅቴ ሕግ ነበር። በዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የዱር እንስሳት ትምህርት ስለ ቆጠራ ዘዴ፣ ስለ መኖሪያ ሥፍራና ስለ እፅዋት ብዙ አስጨብጦኛል፤ ያየሁትን ጥፋት ዳኛ ፊት እንዴት እንደማስረዳ ግን አላስተማረኝም። ስለዚህ የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ን፣ በ1954 ዓ.ም. የወጣውን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግና የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 19 ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኩ። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 50 መሠረት ከሦስት ወር ባላነሰ ቀላል እስራት በሚያስቀጣ ወንጀል እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሰው ፖሊስ ብቻ ሳይሆን ማንኛውም ሰው ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊይዘው ይችላል። ይህ ለስካውት መሠረታዊ ነገር ነው። ወዲያው የሚከተለው ግን ከባድ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓታት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ወደ ፍርድ ቤት ለመምጣት አግባብ ባለው ግምት የሚያስፈልገው ጊዜ በዚህ ውስጥ አይቆጠርም። በከተማ ላለ ሰው ይህች ተጨማሪ ሐረግ ትርፍ መስላ ልትታየው ትችላለች። ከገደል ሥር የተያዘን ሰው በእግር አስከትሎ እስከ ቅርቡ ፖሊስ ጣቢያ ለሚጓዝ ግን የመዝገቡ ዕጣ የሚወሰንባት ናት፤ መቼ እንደተያዘ፣ መቼ ጉዞ እንደተጀመረ፣ የት እንደታደረና ለማን በስንት ሰዓት እንደተሰጠ በዕለቱ ካልተጻፈ ግምቱ አግባብ ያለው መሆኑን ማንም ሊያስረዳ አይችልም።

ሕጉን ካነበብኩ በኋላ የበለጠ የጠቀመኝ በአንድ የወረዳ ፍርድ ቤት ችሎት መቀመጤ ነው። ችሎት በመርህ ደረጃ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ፈቃድ አይጠይቅም፣ ገንዘብም አያስወጣም። የደንና የግጦሽ ጉዳዮች ሲታዩ ከኋላ ተቀምጬ ማስታወሻ እይዝ ነበር። ክሶቹ የሚላሉት ጥፋቱ ስላልተፈጸመ አልነበረም። አንዱ ምስክር ጠዋት ነው ሲል ሌላው ከሰዓት በኋላ ነው ይላል፤ ኤግዚቢት ተብሎ የቀረበው ምሳር ማን እንደተረከበው የሚያሳይ ወረቀት የለውም፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተከሳሹ ቦታው ከፓርኩ ውጭ ነው ብሎ ሲከራከር የሚመልስለት አይገኝም።

ይህ የወሰን ጉዳይ ብዙ አስጠናኝ። ፓርኩ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት እ.ኤ.አ. በ1978 ሲመዘገብ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ኋላ ወሰኑ እየተካለለ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደርሷል። አንዱ አዛውንት የሚያስታውሱት ወሰንና ዛሬ በካርታ ላይ ያለው ወሰን የማይገጥሙት በዚህ ምክንያት ነው፤ ሰውየው እየዋሹ ላይሆኑ ይችላሉ። በጂፒኤስ ነጥብ መውሰድን ስለማመድ ደግሞ ማንም ያልነገረኝን ነገር አገኘሁ። የቆዩት የኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የመለኪያ መሠረት (የቦታ ነጥብ ከየት ተነስቶ እንደሚለካ በሚወስነው ስሌት) ሲሆን ጂፒኤስ መሣሪያ ከፋብሪካው ሲወጣ የሚሠራው ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በሚባለው ነው፤ አንዱን ከሌላው ሳያመሳስሉ ነጥቡን ካርታው ላይ ቢያስቀምጡት ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ይዛነፋል። በወሰን ዳር ሁለት መቶ ሜትር ማለት አንድን ሰው ጥፋተኛ ወይም ንጹሕ ማድረግ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ነጥብ በጻፍኩ ቁጥር የመለኪያውን መሠረት አብሬ እጽፋለሁ፤ ጀማሪዎችን ከምንም በፊት የማስለምዳቸውም ይህንኑ ነው።

እንስሳቱን የማውቀው ከመጽሐፍ ነበር፤ በሜዳ ያስተማሩኝ ከተራራው ጋር ያረጁ አንድ ስካውት ናቸው። ማንበብ ብዙም አይሆንላቸውም፤ መሬት ላይ ያለውን ምልክት ግን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። የዋልያና የፍየል በጠጥ በዓይን ለመለየት እንደሚያስቸግር፣ ስለዚህ ምልክቱ የተገኘበትን ገደል፣ በዙሪያው ያለውን የእረኛ ዱካና የተቀነጠበውን ቅጠል አብሮ መመልከት እንደሚገባ አሳዩኝ። ፍየል ገደሉ ድረስ መውረዱ ቀላል ነገር አይደለም፤ በሽታ ሊያጋባ ይችላል፣ ከዋልያ ጋር እንዳይዳቀልም ያሰጋል። የቀይ ቀበሮ ኩስ የአይጥና የፍልፈል ጠጉር ይበዛበታል፤ የውሻ ግን የቤት ፍርፋሪ ያለበት ነው። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች እንደሆኑ ይገመታል፤ ከሚያጠቋቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ደግሞ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ስለዚህ ከእረኛ ኋላ የሚከተል ያልተከተበ ውሻ በእኔ ዓይን ከወጥመድ አያንስም፤ በጠመንጃ የሚመለስ ነገር ግን አይደለም፤ ባለቤቱን አሳምኖ ማስከተብ ነው ያለው።

ከሰው ጋር መነጋገርም ዝግጅት ይጠይቃል፤ እዚህ ላይ የብዙ ምሩቃንን አካሄድ አልወደውም። ከብት ባዩ ጊዜ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አንቀጽ መጥቀስ ይጀምራሉ። እኚያ ስካውት ግን አዛውንት እረኛ ሲያገኙ በትራቸውን ተደግፈው፣ «አባቴ፣ እንደምን ዋሉ? ከብቱ፣ ቤተሰቡ ደኅና?» ብለው ሰላምታውን ሳይጨርሱ ወደ ጉዳዩ አይገቡም ነበር። አንድ ጊዜ ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ ከብት ሣር የት እንዳለ እንጂ ወሰን የት እንዳለ አያውቅም» ብለው መለሱላቸው። ስካውቱ ሳቁ፤ ከዚያም ቀበሌው የተስማማበትን የግጦሽ ሥፍራ በስም ጠርተው ከብቶቹ ወደዚያ እስኪዞሩ ድረስ አብረው ሸኙ፤ ማታ የእረኛውን ስምና የከብቱን ብዛት መዝገብ ላይ አሰፈሩ። ማክበሩም መመዝገቡም አልቀረም። እ.ኤ.አ. በ2019 በፓርኩ የተነሣው እሳት የጓሳ ሣሩንና የአስታ ዛፉን በበላ ጊዜ ቅጠል ይዘው ሲያጠፉ የነበሩት እነዚሁ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፤ በኋላም ከእስራኤል የመጡ የእሳት አደጋ ባለሙያዎች ረድተዋል።

የዚያው አገር ልጅ ለሆነ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። የያዝከው ሰው የአጎትህ አማች ሊሆን ይችላል፤ ሽማግሌም ይላክብሃል። በሁለት ሰዎች መካከል ያለን ጠብ ሽምግልና ያበርደዋል፤ በፓርክ ውስጥ የተፈጸመ ወንጀል ግን ከሳሹ መንግሥት ስለሆነ እኔ ይቅር ልለው አልችልም። ይህን ከመቀጠሬ በፊት ዘመዶቼን ሰብስቤ ነገርኳቸው። አንዳንዶቹ ተቀየሙኝ፤ ነገር ግን ሥራ ከጀመርኩ በኋላ ቢሰሙት ኖሮ እነርሱን ለይቼ ያሳደድኩ ይመስላቸው ነበር።

በቃለ መጠይቁ ላይ ከቀረቡልኝ ጥያቄዎች አንዱ ብቻህን ሆነህ ሦስት የታጠቁ ሰዎች ብታገኝ ምን ታደርጋለህ የሚል ነበር። ተደብቄ ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ መልካቸውንና የሄዱበትን አቅጣጫ ጽፌ ወደ ኋላ በመመለስ ለጣቢያው አሳውቃለሁ ብዬ መለስኩ። ከእኔ በፊት የገባው ልጅ እታኮሳለሁ ማለቱን በር ላይ ነግሮኝ ነበር፤ እርሱን አላሳለፉትም።

ደመወዙ አነስተኛ ነው፤ ካምፕ ሲመደቡም ከቤተሰብ ርቆ መሰንበት አለ፣ በክረምት ስልክ የማይሠራባቸው ቀናት ይበዛሉ። ትዳር ያለው ሰው ማመልከቻውን ከማስገባቱ በፊት ደመወዙንና የመስክ ቀናቱን በወረቀት ላይ አስቀምጦ ከባለቤቱ ጋር ቢነጋገርበት ይሻላል።